ፀሐይን ያለ ማጣሪያ ላዩት ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ ጓድ ጌጡ አድነው
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ጉለሌ

መጋቢት 1972 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ሽጉጥዎም በመልካም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ልባዊ ምኞቴ ነው። ወደ ቀኝ ዓይንዎ ኋላ እመለስበታለሁና ለጊዜው ከምኞቴ ውጭ አድርጌዋለሁ። እኔ፣ ከጥበቃዎችዎ ሰደፍ የተረፉት ጥርሶቼ ይመስገኑ፣ ደኅና ነኝ፤ የሚያስቸግረኝ ቆሎ ብቻ ነው።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። ነዋሪው ገንቢ ሂሱን በጽሑፍ አዘጋጅቶ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ በእርስዎ ፊርማ የወጣ ማስታወቂያ ስላነበብኩ፣ እንደ ታዛዥ ነዋሪ ታዘዝኩ። ማስታወቂያን በተጻፈው መሠረት የሚረዳ ሰው በቀበሌያችን ቢያንስ አንድ መኖሩን ለማሳየትም ጭምር ነው።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ ዓምሃ ቦጋለ ነው። ዕድሜዬን በአውቶቡስ ጋራዥ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት አሳልፌ በጡረታ ተሰናብቻለሁ። የሰፈሩ ልጆች ጋሼ ዓምሃ ሲሉኝ እናቶቻቸው ልጅ አበላሺ ይሉኛል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ እየቃረምኩ፣ ከጭስ ማውጫ ቱቦና ከተሰበረ ካሜራ መስታወት ቴሌስኮፕ የሚባለውን የሩቅ ማያ መሣሪያ ሠርቼ፣ ማታ ማታ ጎረቤቶቼን ጨረቃ ሳሳይ ኖሬአለሁ። ለቀን ደግሞ ማጣሪያ አበጀሁለት። ብየዳ ቤት ያለው ወዳጄ ሾዴ ከመስታወቶቹ ሁሉ የጠቆረውን መርጦ ሰጠኝ፤ እኔም በእንጨት ክፈፍ አስሬ የቱቦው አፍ ላይ ልክክ ብሎ እንዲገጥም አደረግሁት። ነፋስ የሚያወልቀው፣ ጎኑ ብርሃን የሚያስገባ ማጣሪያ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል፤ ያለው ይመስላልና።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ አንዲት ፊደል ነው። ባለፈው የካቲት ጨረቃ የፀሐይን ፊት እንደምትጋርድ በሬዲዮ ስሰማ፣ ሰው በባዶ ዓይኑ እያየ እንዳይታወር ብዬ በአጥሬ በር ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ለጠፍኩ፦ «ቅዳሜ ከቀትር በፊት ፀሐይ ትሰወራለች። ማየት የሚፈልግ ጋሼ ዓምሃ ግቢ ይምጣ። ያለ ማጣሪያ የሚጠጋት ዓይኑ ይጠፋል።» እርስዎ በአብዮታዊ ንቃትዎ ይህን ሲያነቡ፣ ጸሐይ የምትባል ሴት ልትሰወር መሆኑን፣ መደበቂያዋ የዓምሃ ግቢ መሆኑን፣ ሳያጣራ የሚጠጋትንም ዓይኑን እንደምናጠፋው ተረዱ። ጓድ ሊቀመንበር፣ የሰማይዋ ፀሐይ የተጻፈችው በፀሐዩ ፀ ነበር። ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ የምትሸጠው፣ የእህቴ የወይዘሮ ታየች ልጅ ጸሐይ መዝገቡ ግን በጸሎቱ ጸ ነው የምትጻፈው። እርግጥ ሁለቱን እያቀላቀለ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፤ በዚህ ምክንያት ሰው በማሰር ግን ከጉለሌ የሚቀድምዎት ያለ አይመስለኝምና እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛው ቅሬታዬ በራሳችን ላይ ነው። ቅዳሜ ዕለት ወረቀቴን በእጅዎ ጨብጠው፣ መሣሪያ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው ግቢዬ ገብተው «ፀሐይ የታለች?» ብለው ሲጠይቁ፣ የተሰበሰበው ጎረቤት በሙሉ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ። እትዬ ሠርካዲስ እንኳ በከዘራቸው አመለከቱ። በአፍ ሲጠሯት ፊደሏ አይታይምና ሰው አላፌዘብዎትም፤ የጠየቁትን ነው ያሳየዎት። እርስዎ ግን «የምን ፌዝ ነው?» ብለው ሽጉጥዎን መዘዙ። ይህን ጊዜ ስሟ የተጠራ የመሰላት የእህቴ ልጅ፣ ለእንግዶች ቆሎ ስታሰናዳ ከነበረችበት ማድ ቤት ሰፌዷን እንደያዘች «አቤት» ብላ ወጣች። ሲጠሩት አቤት ማለት ወንጀል መሆኑን ብናውቅ ኖሮ በጨዋ ደንብ አናሳድጋትም ነበር።

ሦስተኛው ስለ ማጣሪያ ምርጫ ነው፤ እዚህ ላይ በሙያው ትንሽ ስለቆየሁ ታግሰው ያንብቡልኝ። ቴሌስኮፔን መድፍ ነው አሉ። ከአፉ ላይ የነበረውን ማጣሪያ ክዳን ነው፣ ከሥሩ የተደበቀ ነገር አለ ብለው አስወለቁት። ከዚያ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስፈሩበትን ጥቁር መነጽርዎን እንዳደረጉ በቱቦው ሊያዩ አጎነበሱ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለዚህኛው ሞተር የዚያኛው ዕቃ አይሆንም ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ያልተስማማ ዕቃ ሲገጠም ግን አይቼ አላውቅም። ቱቦው የፀሐይን እሳት ሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ያከማቻል። ዓይን ዘንድ የተደረገ ጥቁር መስታወት ያን ሁሉ እሳት ብቻውን ሊችል አይችልም፤ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ አሳልፎ ይሰጥዎታል። የእርስዎ ሁለቱንም አደረገ።

አራተኛው አጭር ነው። ከእኛ መካከል ቀድማ የነቃችው ጸሐይ ነበረች። ሰፌዷን ጥላ ወደ እርስዎ እየሮጠች «ጓድ ሊቀመንበር፣ አይዩ፣ ዓይንዎ ይጠፋል» አለች። በዚያ ግቢ ውስጥ ዓይንዎ ያሳሰበው ሰው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኔ እንኳ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ጥቂት ዘግይቻለሁ። አንደኛው ጥበቃ በሰደፍ ደረቷን ብሎ ጣላት። እርስዎም በዚያው ቅጽበት ጮኸው፣ ዓይንዎን ይዘው ወደ ኋላ ተዘረሩ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ግቢው ያውቀዋል። ቱቦውን በድንጋይ ላይ አድርገው በመዶሻ እንደ ተልባ ወቀጡት። ልጄን ብላ የተጠጋችውን እህቴን ታየችን ክንዷን ሰበሩት። እኔ ማጣሪያው ከፊት እንደሚገጠም ላስረዳ አፌን ስከፍት ጥርሶቼን ወደ ውስጥ መለሱልኝ። ጸሐይን በጸጉሯ እየጎተቱ፣ የፈሰሰው ቆሎ ላይ ደሟን እያንጠባጠቡ ይዘዋት ሄዱ።

አምስተኛው ስለ ማጣራት ነው። ስንቅ ይዤ ወደ ቀበሌው እስር ቤት በመጣሁ ቁጥር በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ጉዳይዋ እየተጣራ ነው» ይለኛል። ማታ ማታ ጩኸቷ ከእስር ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ይሰማል። አንድ ቀን ወደ ሽንት ቤት ሲወስዷት አየኋት፤ በእግሯ መርገጥ ስላልቻለች ሁለት ሴት እስረኞች ተሸክመዋት ነበር፤ እኔን ስታይ ልትስቅልኝ ሞከረች። ጓድ ሊቀመንበር፣ ማጣሪያ የሚገጠመው ከፊት ነው። እሳቱ ሳይገባ፣ ዓይን ሳይነካ። እናንተ ከኋላ ነው የምትገጥሙት፤ መጀመሪያ ትገርፋላችሁ፣ የውስጥ እግሯ ሲላጥ ማጣራት ትጀምራላችሁ። እንዲህ ያለው ማጣሪያ የሚያደርገውን በራስዎ ዓይን አይተውታል፤ ቢያንስ በአንደኛው።

አሁን ወደዚያ ዓይን ልመለስ። ጸሐይ ሰኞ ከቀበሌ በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ትተላለፋለች፣ ክሷም በሊቀመንበሩ ዓይን ውስጥ መርዝ በመርጨት ነው ሲባል ሰምተናል። ወደ ከፍተኛው ከተላለፉት የተመለሰውን ሰው ስም የሚያውቅ ካለ በዚህ ደብዳቤ ግርጌ ይጻፍልኝ፤ ቦታ ትቻለሁ። እኔ ግን ሐኪምዎን ሳላነጋግር፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ ነዋሪው ሁሉ በሚያነበው በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚከተለውን አስቀምጣለሁ። ግራ ዓይንዎን ሲጨፍኑ፣ በቀኝዎ ከሚያዩት ነገር ሁሉ መሐል አንዲት ጥቁር ነገር ትቀመጣለች። የማጭድ ቅርጽ አላት። ቀንዶቿም ወደ ላይ ናቸው።

ያን ቅዳሜ ጨረቃ የሸፈነቻት ከታች በኩል ስለነበር፣ የቀረችው ፀሐይ ቀንዶቿን ወደ ታች እንደ ደፋች ማጭድ ነበረች፤ ግቢዬ የነበረ ሁሉ በማጣሪያው አይቷታል። ቱቦዬ ግን ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ቀንዶቿ ወደ ላይ የሆነችው ማጭድ ዓይን ውስጥ የምትታተመው ማጣሪያውን አስወልቆ በእኔ ቱቦ ፀሐይን ባየ ሰው ላይ ብቻ ነው። መርዝ እንዲህ ያለ ቅርጽ ይዞ አይቀመጥም። እሑድ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ጠመኔ ይሰጥዎትና የሚያዩትን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ይሣሉልን። ሌላ ነገር ከሣሉ እኔን በጸሐይ ቦታ ያስገቡኝ፤ ጓዜን ሸክፌ እመጣለሁ። ማጭዷን ከሣሉ ግን፣ መዶሻውን ጥበቃዎችዎ ቱቦዬ ላይ ስለተጠቀሙበት ዓርማው ሙሉ ሆነ ማለት ነው፣ ልጅቷን ይፍቱልን።

ስላደረጉልን ሁሉ ማመስገን ይገባኛል። ጨረቃ ብቻ ሲያይ የኖረውን ሰፈር የሊቀመንበሩን ድንጋጤ በቅርብ እንዲያይ ስላደረጉ፣ እኔን ቆሎ ከመቆርጠም ድካም ስለገላገሉኝ፣ እህቴን በአንድ እጅ ሊጥ ማቡካት ስላስተማሩልኝ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለት ፀሐይ በአንድ ቀን በማሰርዎ አደንቅዎታለሁ። ጸሎቷን ጸ ይመልሱልን። ፀሐይዋን ፀ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ዓይን ውስጥ ዕድሜ ልክ ታስራለች፤ እሷን ማስፈታት ከከፍተኛውም ሥልጣን በላይ ነው።

ጤና፣ ረጅም ዕድሜና በጎ ጎረቤት እየተመኘሁልዎ፣ ገና ካልተጣራ አክብሮት ጋር፣

ዓምሃ ቦጋለ
የጸሐይ አጎት፣ የቀድሞ ባለቴሌስኮፕ

ማስታወሻ፦ ጥቁር መነጽርዎን ግቢዬ ውስጥ ስለጣሉት በአደራ ይዤዋለሁ፤ አንደኛው መስታወት ቢሰነጠቅም ሰው ለማስፈራራት አሁንም ይሠራል። ይህን ደብዳቤ ደግሞ በቀኝ ዓይንዎ ብቻ አንብበውት እንደሆን፣ ያተኮሩበት ቃል ሁሉ እየጠፋ አስቸግሮዎት ይሆናል። በተለይ የእህቴ ልጅ ስም ላይ ሲደርሱ ልብ ይበሉ፤ ማስታወቂያዬ ለካ ልክ ነበር፣ ጸሐይ ትሰወራለች።