ግድግዳው ላይ ያገኘሁት የራሴን ስም ነው

ውድ ዓለሚቱ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ። ካረፍሽ ዓመት ከሦስት ወር ሆነሽ፤ ለእኔ ግን ከዚያም በላይ ረዝሞብኛል። ልጃችን ሰላማዊት አስተማሪ ሆና አርሲ ተመደበች። የጎመን መደብሽን እኔ ተረከብኩና አረም አበቀልኩበት። አውሮፕላኑም እንደምታውቂው ነው፤ ሲያልፍ ጣሪያችንን ሊነቅለው ምንም አይቀረው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚህ ገርጂ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ በመንገዱ በኩል ትልቅ ሥዕል ተሣለ። ሴቶቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀበሌ ምርጫ የወጡበት ቀን ነው፤ ነጠላቸውን አደግድገው፣ እጃቸውን አውጥተው ቆመዋል። ከሥሩ ያንን ቀን ያስተባበሩት የዘጠኝ ሴቶች ስም እንዲጻፍ ተወሰነ። ሠዓሊዋም ስሙን ከድሮው መዝገብ ገለበጠች።

የምረቃው ቀን ከፊት አስቀመጡኝ። መጋረጃው ሲነሳ ስምሽን ፈለግኩ፣ አጣሁት። ያገኘሁት የራሴን ነው፦ «የአቶ ሽፈራው ባለቤት»። ከዘጠኙ ስድስቱ እንዲሁ የእከሌ ባለቤት፣ የእከሌ እናት ናቸው። ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ እንኳን ደስ ያለዎት ይለኛል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዓለሜ፣ መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ አይደል? አንቺ ጭቃውን እየረገጥሽ በየቤቱ ስትዞሪ፣ አባወራው ይመርጥልኛል ያለችሽን ሁሉ ስታግባቢ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ዝርዝሩን ሞላሁ። ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚጽፈው፤ ክፋት አላሰብኩበትም። አንቺ ግን አይተሽው ሳቅ አልሽና «እኔ ስም የለኝም እንዴ?» አልሽኝ። ነገ አስተካክለዋለሁ አልኩሽ። ያ ነገ አሥር ዓመት አለፈው።

በማግስቱ ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ከመዝገቡ ውጪ አንጽፍም አለኝ። የእጅ ጽሑፉም ጥፋቱም የእኔ ነው ብዬ ፈርሜ ሰጠሁት። እንግዲያው የባለቤትዎን ስም እናስተካክል አለ፤ ተስማምቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ብትኖሪ ምን እንደምትዪኝ ታወቀኝና ተመልሼ የሌሎቹስ ስም አልኩት። እንግዲያው የቀሩትን የአምስቱንም ያምጡ አለኝ።

ለካ የአንዳቸውንም ስም አላውቅም። ስንት ዓመት አብረን ቡና የጠጣን፣ በእድር የተላቀስን ሰዎች ነን። ስለዚህ አንቺ በዞርሽበት መንገድ እኔም በየቤቱ ዞርኩ። የጀማል እናት ከድጃ ሁሴን ኖራለች። ስሟን ስጠይቃት ሻሿን አስተካክላ፣ እስከ አያቷ ቆጥራ አጻፈችኝ፤ ከዚያ እስቲ መልሰህ አንብብልኝ አለችኝ። ሁለቴ አነበብኩላት።

አራቱን አገኘሁ። አምስተኛዋ፣ የበላቸው እናት፣ ሞታለች፤ ልጇም ከሰፈር ከወጣ ቆየ። ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። አንቺ ታውቂው ነበር፤ በስሟ ስትጠሪያት ስንቴ ሰምቻለሁ፣ ልብ ብዬ አልሰማሁም እንጂ። ይህ ያንገበግበኛል።

ትናንት ሠዓሊዋ ስምሽን ጻፈችው፦ ዓለሚቱ ደበላ። በቀይ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ለበላቸው እናት የሚሆን ባዶ ቦታ እንዲተው አድርጌያለሁ። እስካገኘው ድረስ እጠይቃለሁ፤ አንቺን ላለመርሳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ሽፈራው
የወይዘሮ ዓለሚቱ ደበላ ባለቤት