እምቢ ቢሉኝስ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 12
ከካራማራ ተራራ በኩል ነፋስ። አቧራው በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ጠረግኩ።
መዋዕለ ሕፃናቱ ሄድኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የማናግረው እዚያ ነው። ሕፃናቱን ተስማምቶ መጫወት አስተምራለሁ፣ በነጻ።
ዛሬ ላዳን መክሊትን ነከሰቻት። ሁለቱም አምስት ዓመታቸው ነው። ርዕሰ መምህሯ ናዝሬት ጠራችኝ። "ጋሽ ሰይፈ፣ ወላጅ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ከደገመች አሰናብታታለሁ።"
በእረፍት ሰዓት ከእኔ ሌላ ላዳን አጠገብ የሚቀመጥ የለም። እኔ ጋስ ከሷ ሌላ ማን ይቀመጣል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13
አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን። "መዓሊን" ትለኛለች፣ በሶማልኛ መምህር ማለቷ ነው። ብስኩቷን ለሁለት ገመሰች። ትንሹን ለእኔ።
ለምን ነከስሻት? "የዝላይ ገመዱን አልሰጥም አለች።" ጠይቀሻት ነበር? ብስኩቷን ገመጠች።
ከሀሁ ጀመርን። ቀረብ በይ። ጨዋታውን እይ። "ልጫወት?" በይ። መክሊትን ሆኜ "እሺ፣ ነይ" አልኳት። ደጋገምነው። ቶሎ ያዘችው።
ስመለስ ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ዐብዲጀባር፣ እጁን አነሳልኝ። አነሳሁለት፣ አለፍኩ። እንደ ሁልጊዜው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15
ላዳን ቀረበች። አየች። "ልጫወት?" ጥርት ባለ ድምፅ! ደስ አለኝ።
መክሊት፦ "አይቻልም! አንቺ ትነክሻለሽ።"
ላዳን ገፈተረቻት። የመክሊት ጉልበት ተላጠ...
አስተማሪያቸው ብርቄ ቁስሉን እያጠበች፣ "ለናዝሬት አልነግራትም ጋሼ። ለዛሬ ብቻ ግን።"
ላዳን እያለቀሰች፦ "እሺ ትላለች ብለኸኝ ነበር!"
እውነቷን ነው። ልምምዱ ውስጥ እምቢታ አላስገባሁም። የዕድሜ ልክ አስተማሪ...

ሰኞ፣ ጥቅምት 19
ዛሬ በልምምዱ መክሊትን ሆኜ "አይቻልም" አልኳት። እጇ ተነሳ።
"እጅሽን ከኋላሽ አድርጊ። ተንፍሺ። 'እሺ፣ እጠብቃለሁ' በይና ቁጭ በይ።"
"እስከ መቼ?"
"አላውቅም።"
አየችኝ። "አንተን እምቢ ብለውህ ያውቃሉ?"
አያውቁም አልኩ። አልዋሸሁም። ማንን ጠይቄ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21
ላዳን ጠየቀች። ልጆቹ እንደገና "አይቻልም" አሏት። ወደ እኔ ዞረች። ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም፣ መከራዬን አይቼ። እጆቿን ከኋላዋ ቆላለፈች። "እጠብቃለሁ።" ቁጭ አለች።
ደወሉ እስኪደወል ማንም አልጠራትም። ማንንም አልመታችም።
"ጠበቅኩ!" አለችኝ፣ በቁጣ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
ከመክሊት ጋር የምትጫወተው ሩቲ ገመድ ማዞር ደከማት። "ላዳን! ነይ ያዥልኝ!" ሄደች። አዞረች። ቆይታ ደግሞ ዘለለች፣ መክሊት እየቆጠረችላት።
ናዝሬት በመስኮት ስታይ ነበር። "ትቆይ በቃ፣ ጋሼ።"
አግዳሚው ላይ ብቻዬን። ላዳን አንዴም አልዞረች። የለፋሁት ለዚሁ አልነበር? ነው እንጂ... ብስኩት ይዤላት ነበር።
ስመለስ ሻይ ቤቱ ጋ ቆምኩ። ቀረብ አልኩ። ጨዋታውን አየሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።
"ልጫወት?"
ዐብዲጀባር ከዳማው ቀና ሳይል፣ "ወላሂ ዛሬ አይደርስህም፣ መዓሊን። ተሻለ ተራ እየጠበቀ ነው፣ ከሱ ኋላም ሌላ አለ።"
"እሺ፣ እጠብቃለሁ።"
ተሻለ አጠገብ ተቀመጥኩ። ብስኩቱን ለሁለት ገመስኩ። ትንሹን ለእሱ።