ድምፅ የሌለው አውቶቡስ

ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለሚጣዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። በደወልሽ ቁጥር ወንድምሽ ቪዲዮውን ለምን እንደሚያጠፋ እናትሽን ትጠይቂያታለሽ። ልትነግርሽ ስትሞክር እንባ እየቀደማት ስላቃታት፣ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ብዬ እኔው ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ጭሱ የት የት እንደሚታመቅ መንገድ በመንገድ የሚያሳየውን፣ በኮምፒውተር የሠራሽውን የከተማ ካርታ ማዘጋጃ ቤቱ ተቀብሎ ዋናውን መንገድ ለመኪና ዘጋው። ለኤሌክትሪክ አውቶቡስና ለብስክሌት ብቻ ሆነ። አውቶቡሶቹን ሚኒባስ ነጂዎቹ ሠልጥነው እንዲነዷቸው ዕቅዱ ላይ አስገብተሽ ነበር፤ እሱ ግን ቢሮ ቀረ። ከሾፌሮቹ ጆሮ የደረሰው ጉሮሯችን ተዘጋ የሚለው ብቻ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ አንድ ሰኞ ጠዋት የሥራ ባልደረባሽ፣ ቀጭኑ መሐንዲስ፣ ጭስ የሚለካውን መሣሪያ ምሰሶ ላይ ሊገጥም መሰላል ወጥቶ ሳለ ሾፌሮቹ ፌሮ ይዘው መጡበት። መሰላሉን ከሥሩ ጎተቱት። እግሩ አስፋልት ላይ ሲሰበር እኔ ጋራዤ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ በእርግጫ ወረዱበት። ወንድምሽም አብሯቸው ነበር፤ ሚኒባሱ ቆሞበት ተናዶ ነው የወጣው። ደሙን ሲያይ ግን ሰዉን ገፍቶ ገባና መሐንዲሱ ላይ ተኛበት።

«ሰው ልትገድሉ ነው፣ በቃ» አለ።

ተነሳ ቢሉት እምቢ አለ። ይሄኔ ሚዜው፣ ያ አብሮ አደጉ፣ «ካርታውን የሠራችው የሱ እህት አይደለች?» አለ። ነገሩ ላይ ቤንዚን አርከፈከፈበት። ወንድምሽን በፌሮ ቀኝ ፊቱን የመታውም ራሱ ሚዜው ነው። የወንድምሽን ሚኒባስ መንገዱ መሃል አነደዱት። እኔም የጎማ መፍቻ ይዤ ሮጥኩና በወንድምሽ ሠርግ ቀን ልጄ ብዬ የመረቅኩትን ሚዜ መንጋጋውን ሰበርኩት። ሰው ጨምድዶ ባይዘኝ አልተወውም ነበር።

ፖሊስ ሲጠይቀው ወንድምሽ ማን እንደመታኝ አላየሁም አለ። ሚዜውም ስለ እኔ ትንፍሽ አላለም። ልጄ ያንን ያለው ለእኔ ብሎ ይሁን ለጓደኛው፣ አልጠየቅኩትም።

ሆስፒታል ከመሐንዲሱ ጋር ጎን ለጎን ነበር የተኙት። መሐንዲሱ ስለ ሥልጠናው ለወንድምሽ የነገረው እዚያ ነው። ወንድምሽ፣ «ይህን መሰላሉን ሳትወጣ ብትነግረን ምን ነበረበት?» አለው። መሐንዲሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

አሁን ሾፌሮቹ ሠልጥነዋል። ሚዜውም አዲሱን አውቶቡስ በደጃችን ይነዳል፤ እኛ በር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያይም። ወንድምሽም ሊመዘገብ ሄዶ ነበር፤ የሐኪሙን ወረቀት አይተው፣ በአንድ ዓይን አይነዳም ብለው መለሱት።

በራስሽ ላይ እንዳትፈርጂ። የእናትሽ ሳል ቀንሶላታል፣ መስኮት መክፈት ጀምረናል። ሥራሽን እንዳትተዪ፤ ብቻ መንገዱን ከመዝጋታችሁ በፊት መንገዱ ላይ የሚውለውን ሰው አነጋግሩት።

ወንድምሽ ደህና ነው፣ አትጨነቂ በላት ብሎኛል። አዲሱ አውቶቡስ ድምፅ ስለሌለው በቀኙ ሲመጣበት አያውቀውም እንጂ ሌላው ደህና ነው። ስንሻገር እኔ በቀኙ እሆንና እጁን እይዘዋለሁ። ይህን የሚያህል ጎልማሳ፣ ዝም ብሎ ይሰጠኛል።

ፈጣሪ በረገጥሽበት ሁሉ ቀድሞሽ ይገኝ።

አባትሽ