ለሜዳው የወጣ እልልታ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ፀደቀልን! ትናንት በተሰጠው ድምፅ የከተማችን የቡርንስቪል ሰው ለትምህርት ቤቱ ሜዳ ማሠሪያ የሚሆነውን ቦንድ፣ ከግብራችን የሚከፈለውን ብድር፣ አሳለፈው።

አምና ልጄ ቤቲ ኳስ የምትጫወትበት ሜዳ ጭቃ ብቻ ስለነበረ ጨዋታቸውን ሁሉ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱት። እኔም ከሥራ ወጥቼ ስለማልደርስ አንዱንም አላየሁ።

ዛሬ ከልምምድ ላመጣት ስሄድ አሰልጣኟ ልጆቹን ሰብስባ ውጤቱን ነገረቻቸው። ቤቲ ሰው ፊት እልል እንዳልል ካስማለችኝ ቆይታለች፤ ያሳፍራታል። ግን ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ። እልልልል! ሁሉም ዞረው አዩኝ። ቤቲ ፊቷን በማሊያዋ ሸፈነች። በቃ፣ መኪና ውስጥ ስትገባ ትጨርሰኛለች ስል፣ ከማሊያው ሥር "ማሚ፣ ዋን ሞር ታይም!" አለችኝ።

ደገምኩት። ከዚያ ቡድኑ በሙሉ ምላሱን እያወዛወዘ ይሞክር ጀመር፤ አሰልጣኟም አልቀረች። አንዳቸውም አልሆነላቸውም፤ ከቤቲ በቀር። ጥርት ያለ እልልታ! መቼ ተማረችው? እኔ እንደሆንኩ አላስተማርኳት።

ሣሩ ገና ሳይተከል የእኔ ድምፅ ተዘጋ። ግድ የለም፣ ተቀያሪ አለኝ።