ጌታው ስለ እኔ የጻፉት

ልጄ ግላፊራ፣ በሰው አገር ዳቦሽን ያለ እንባ ያብላሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ። አጃውን በረዶ መታው። የፓሪስም ብርድ ብርድ ነውና ደረትሽን ሸፍነሽ ውጪ።

አባትሽን የቀበርን ዕለት ባለርስቱ ጌታችን ቫሌሪያን ፔትሮቪች ቤታችን መጥተው ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ለካስ ስለ እኛ ሊጽፉ ኖሯል። ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ የዲያቆኑ ልጅ ኡሊታ ከመጽሔት ላይ አነበበችልኝ። «ባሏን ቀብራ ላሟን ልታልብ ሄደች፤ የገበሬ ሴት ሐዘን እንደ ከብት ሐዘን አጭር ነው» ይላል። ላሟ እኮ፣ ልጄ፣ ጡቷ አብጦ ትጮህ ነበር።

ቤታቸው ሄጄ «ጌታዬ፣ በረት ውስጥ ምን እንዳደረግሁ ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አንቺ አይገባሽም፣ ፌቭሮኒያ። ከተማ ውስጥ ያነበበ ሁሉ አልቅሶልሻል።»

«እኔም አልቅሼ ነበር፤ ላሟን ተደግፌ። እርስዎ በረቱ ደጅ እንኳ አልደረሱም።»

የሚያፍሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ደብተራቸውን አወጡ። «ቆይ እስቲ፣ የተደገፍሽው በግንባርሽ ነው በትከሻሽ?»

ትቻቸው ወጣሁ። ያ ብዕር የያዘ እጃቸው እስከ ዛሬ ያስጠላኛል።

የአባትሽ ምርቃት አይለይሽ፤ የምትወጂው አይጥፋብሽ። የምታገለግያት እመቤትሽ መጽሐፍ ትወዳለች ብለሽኝ ነበር። እባክሽ ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ አታንብቢላት።

እናትሽ ፌቭሮኒያ