ያልበላሁበት ሳህን

ለእናቴ፣

እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ይዞሻል? ያ ደረጃ አሁንም መሃል ላይ አንዴ ነው የሚያሳርፍሽ ወይስ ሁለቴ ሆነ? የዓይን ጠብታሽን ጠዋት ጠዋት አትርሺ፤ አልረሳም እንዳትዪኝ፣ አውቅሻለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ስልሽ ግን አንቺ የማትወጂው ዓይነት ደህና ነው፤ አልታመምኩም፣ ጦሜን አላደርኩም፣ ግን ደክሞኛል። ተኝቼ ስነሳ ራሱ ደክሞኝ ነው የምነሳው።

በስልክ ልነግርሽ ብዬ ብዬ ያቃተኝን ነገር በእጄ ልጽፍልሽ ነው የተቀመጥኩት። ፊደሉን ጎላ ጎላ ያደረግኩት ለሰው ሳትሰጪ ራስሽ እንድታነቢው ነው። ገጹ ጥግ ላይ ያለውን ጭረት አይተሽ ምን ነካት እንዳትዪ፤ የእኔ እጅ አይደለም። እደርስበታለሁ።

ባለፈው ስንደዋወል፣ ምን በድዬሽ ነው አራት ዓመት ሙሉ ዓይንሽን የከለከልሽኝ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ እንደ ልማዴ ሥራ በዛ፣ ፈቃድ አልሰጡኝም አልኩሽ። ያ የሚያለቅሰው ማነው ስትዪኝ ደግሞ የጎረቤት ነው ብዬ ወሬ ቀየርኩ። እንዳላመንሽኝ አውቃለሁ እኮ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ይህ ደብዳቤ የዚያ ጥያቄሽ መልስ ነው። ዞሮ ዞሮ ይደርሳል፣ ታገሺኝ።

ከፈቃዱ ልጀምር። ፈቃድ የሚሰጠኝም የሚከለክለኝም አለቃ የለኝም። ከዚያ ቢሮ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ለምን እንደወጣሁም እደርስበታለሁ። አሁን የምሠራውን ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፤ ለሰው ደብዳቤ እጽፋለሁ። ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት ሰውዬ ትዝ ይሉሻል? እንደሳቸው ነኝ፤ ልዩነቱ የእኔ በር ኢንተርኔት ላይ መሆኑ ነው። ሰው የይቅርታ፣ የምስጋና፣ የስንብት ደብዳቤ ያዘኛል፣ እጽፋለሁ፣ እሱ በራሱ እጅ ገልብጦ ይልካል። ፊቱን አላየው፣ ፊቴን አያየኝ።

መጀመሪያ ላይ ሥራ ፈላጊ በሚለጥፍበት ገጽ ላይ ደብዳቤ እጽፋለሁ ብዬ ለጠፍኩና ሁለት ወር ሙሉ ዝንብ እሽ ስል ከረምኩ። ከዚያ ደግሞ ሰው ብሶቱን የሚያወጣበት ቦታ እየዞርኩ፣ ከወንድሜ ተጣላሁ ምን ልበለው ላለው ሁሉ እኔ እጽፍልሃለሁ ማለት ጀመርኩ። ኧረ ተይኝ፣ የሰደቡኝ ስድብ! በሰው ችግር ልትነግድ የመጣች አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኋላ ላይ ነው የገባኝ፤ ልጻፍልህ አይባልም። ሲቆጣ ምን ያደርጋል ወንድምህ ብሎ መጠየቅ ነው። ሰው ለምክር ጆሮ የለውም፣ ለጥያቄ ግን አፍ አለው። ያንን መልሶ ሳይጨርስ ደንበኛዬ ሆኖ ያርፈዋል።

ደንበኛ ስልሽ ደግሞ ጉድ ነው። አጭር ሆኖ ግን ረጅም የሚመስል ጻፊልኝ ያለኝ አለ። አልቅሼ እንደጻፍኩት ይምሰል፣ ግን እንዳልተኛሁ እንዳይመስላት ያለኝም አለ። አንዱ ከአውቶቡስ ውስጥ አሥራ አንድ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፤ ከአሥሩ የሰማሁት ጡሩምባ ብቻ ነው። አንዷ ረቂቁን አይታ አልወደድኩትም ብላ ጠፋች፤ በሳምንቱ ቃል በቃል ራሷ ገጽ ላይ ለጥፋው ሁለት መቶ ሰው ሲያደንቃት አየሁ። እኔም አደነቅኳት፣ ምን አደርጋለሁ። ከሰዓት በኋላ ማንም ቢጠራኝ አልመልስም። ሌላ ቢሮ ያላት ይመስላቸዋል። እሱንም እደርስበታለሁ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ማንም ስሙን አይነግረኝም፣ እኔም አልጠይቅም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰባት ጥያቄ እልካለሁ። ምን ብለህ ትጠራቸዋለህ፣ መጨረሻ የተለያያችሁት ምን ተባብላችሁ ነው፣ ሲቆጡ ምን ያደርጋሉ እያለ ይሄዳል። ሰባተኛው፣ ልትላቸው ፈልገህ ከአፍህ የማይወጣው ነገር ምንድን ነው የሚል ነው። እሱን የሚመልስ የለም። ስድስቱን ሞልተው ሰባተኛውን ባዶ ይልኩልኛል። ያንን ባዶ መሙላት ነው እንግዲህ የእኔ እንጀራ።

ከሁለት ወር በፊት በአንድ ሳምንት ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ራሱን ብሎን ብሎ ይጠራል፤ መካኒክ ነው። ሌላው ሲሮፕ ይባላል፤ መድኃኒት ቤት ይሠራል። ሁለቱም የፈለጉት ለአባታቸው የዕርቅ ደብዳቤ ነበር። ሁለቱም እናታቸው ስትሞት እንደተጣሉ ጻፉልኝ። ሲቆጡ ምን ያደርጋሉ ላልኩት ሁለቱም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጋሉ አሉ። ይኼኔ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን መነጽር የማይጠርግ አባት የት አለ ብዬ አለፍኩት። ደክሞኝ ነበር እማዬ። ሰባተኛውን ሁለቱም ባዶ ትተውታል።

አንቺና እኔ የተደዋወልነው በዚያው ሳምንት ነው። ልትዘጊ ስትይ እንደ ዋዛ ያልሽኝን ታስታውሺዋለሽ? ያልበላሽበትን ሳህንሽን ከሌላው ጋር ሁሌ አጥበዋለሁ፣ አቧራ እንዳይለምድ ብዬ አልሽኝ። ከዚያ ዘጋሽው። እኔ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? አላለቀስኩም። እንደ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ማልቀስ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ሳላስቀምጥ ይቺ ለሰባተኛው ትሆናለች ብዬ ጻፍኳት። አፌ ቁርጥ ይበል፣ ያኔ ያሰብኩት ይኼንን ብቻ ነው። ማክሰኞ ለብሎን፣ አባቴ ሆይ፣ ያልበላሁበት ሳህን ከሌላው ጋር እየታጠበ እንደሚጠብቀኝ ልቤ ያውቃል ብዬ ጻፍኩለት። ሐሙስ የሲሮፕ ተራ ሲደርስ ሌላ ቃል አጣሁ። አንድ ፊደል እንኳ ሳልቀይር ለሱም ያንኑ አደረግኩለት። ከተማው ሰፊ ነው፣ አባቱም ብዙ ነው፣ ማን ያውቅብኛል አልኩ።

ወንድማማቾች ነበሩ፣ እማዬ። እናታቸው ስትሞት አባታችን ከማናችን ጋር ይኑር ብለው ተጣሉ፣ አባትየው ደግሞ እኔ የምትካፈሉኝ የቤት ዕቃ አይደለሁም ብለው ሁለቱንም ከቤት አስወጧቸው። ስድስት ዓመት እርስ በርሳቸውም ተዘጋግተው ነው የኖሩት። ሰውዬው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሁለቱን ደብዳቤ ጎን ለጎን አድርገው አነበቡ፣ የሳህኗን መስመር በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩባት፣ ከጎኗ ማን ከማን ኮረጀ ብለው ጽፈው ለሁለቱም መለሱላቸው።

ወይ ጉዴ! ብሎን አምስት የድምፅ መልእክት ሙሉ ሰደበኝ፤ በአምስተኛው ይሳቅ ያልቅስ አልለየሁትም። ሲሮፕ በትሕትና ነው የጻፈልኝ፤ የሱ ነው የባሰብኝ። የሆነውን ሁሉ ያወራኝም እሱ ነው። ታላቁ፣ ታናሹ ደብዳቤውን የሰረቀው መስሎት በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ደውሎ ስድብ አወረደበት። ታናሹም ለዚሁ ሊደውል ስልኩን ይዞ ነበርና አልቀረለትም። ስድቡ አለቀባቸው። ከዚያ አንተም ገዝተህ ነው ተባባሉ፣ ዓርብ ዕለትም አብረው ሄዱ። አባታቸው አንድ ሳህን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። በዚህ ቤት ያለው ይኸው ነው፣ እናታችሁ ከሞተች ወዲህ ሌላውን ሁሉ ሰጥቼዋለሁ፣ አንድ ሰው ስንት ሳህን ይፈልጋል፣ በሉ የማናችሁ እንደሆነ ንገሩኝ አሏቸው። ሦስቱም ከድስቱ በሉ። ታረቁ ልልሽ አልችልም፤ ሳህኗን ማን ይጠብ በሚል እንደገና እንደተጨቃጨቁ ግን ሲሮፕ ነግሮኛል።

ሽማግሌው ለእኔም ጽፈውልኝ ነበር። ሲሮፕ ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁለቱም ልጆቼ ወድቀዋል፣ አንቺም አላለፍሽም ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ ፈተና ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የተኮረጀውን ከዋናው እለያለሁ፣ ይህን ያለችው ሳህን የምታጥብ እናት ናት፣ የእሷን ቃል ነው የወሰድሽውና ሄደሽ መልሺላት ይላል። ለማንም ሰው በአንድ ሰዓት መልስ የምጽፍ ሰው ለሳቸው ሦስት ቀን አሰብኩ። እሺ ብቻ ብዬ ላክሁ።

ለስንቱ ይቅርታ ጻፍኩ መሰለሽ። ባል ለሚስት፣ ተማሪ ለአስተማሪ፣ ድመቱን መኪና ለገጨበት ጎረቤት ሳይቀር ጽፌያለሁ። የራሴን አንዷን ግን አቃተኝ። ራሴን ሰባቱን ጥያቄ ጠየቅኩት፤ እኔም ስድስቱን መልሼ ሰባተኛው ላይ ቆምኩ።

እንግዲህ እደርስበታለሁ ያልኩሽ ጋ ደረስኩ። ከቤት ስወጣ በር ላይ ቆመሽ በክብር እንደሄድሽ በክብር ተመለሽ አልሽኝ። አንቺ መርቀሽኝ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖ እኔ እንደ መሐላ ይዤው ቀረሁ። በመጣሁ በዓመቱ ያመንኩት ሰው ነበር፤ ስሙን አልጽፍልሽም፣ ቀለም ማባከን ነው። እሱ ሲሄድ እኔ ልብሴ ጠበበኝ። ቢሮው ደግሞ ከልብሴም በፊት ጠበበኝ። ወደ አንቺ ልመጣ ሦስት ጊዜ ሻንጣ አሰርኩ፣ ሦስቴም ያ በር ላይ ያልሽው ቃል መለሰኝ። አልበደልሽኝም እማዬ። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አሁን ግን ማፈሩም ደከመኝ። አፍሬ ያላሳየሁሽን ነገር ሳየው ደግሞ የሚያሳፍር ምንም አላገኘሁበትም፤ ጥርሷን ስቆጥር እንኳ ስምንት ነበር፣ አሥራ ስድስት ሆነ፣ አንቺ አንዱንም አልቆጠርሽም። ከሰዓት በኋላዬ ሁሉ የእሷ ነው።

ጎረቤቶቼ ደግሞ ሁለት ጡረተኛ ባልና ሚስት ናቸው። ሲያለቅሱ ሰምቻቸው አላውቅም።

በሚመጣው ወር መጀመሪያ ቅዳሜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እንደርሳለን። እስከዚያ አትደውዪልኝ፤ ድምፅሽን ከሰማሁ ደግሞ ሥራ በዛ ማለቴ አይቀርም። መልስም አትጻፊልኝ። ቃል የሚሸጥ ሰው ቃል አያምንም፣ ሳህኑን ነው የማየው። የእኔን እንደ ልማድሽ እጠቢልኝ። ከጎኑ ትንሽ፣ የማይሰበር ሌላ ካስቀመጥሽ ይገባኛል። ካላስቀመጥሽም አልቀየምሽም፤ በአንዱ ለሁለት እንበላበታለን።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ እስክንደርስ ድረስ ከበሩ አያርቅሽ።

ልጅሽና ባለጭረቷ