ሐጂያ ጁማይ ኢሳ፤ የልጃቸውን ስም በብዕር የጠሩት እናት

ሐጂያ ጁማይ ከቁርዓን መምህሩ ከማላም ኢሳና ከእናታቸው ከሐጂያ ላዲ እ.ኤ.አ. በ1958 በካኖ ከተማ ዳላ ሰፈር ተወለዱ። ቁርዓንን በልጅነታቸው አከተሙ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ለሴት ልጅ ይበቃታል ተብሎ ትምህርት ቤቱ ቀረ። እንዳልበቃቸው ኋላ ታይቷል።

በ1974 የሚታኘከውን የኮላ ፍሬ ለሚነግዱት ለአልሐጂ ላዋን ሁለተኛ ሚስት ሆነው ተዳሩ። የመጀመሪያዋ ሚስት ሐጂያ ታላቱ ነበሩ። ሙሽራዋ ጁማይ ሾርባ እንደ ውሃ ያቀጥኑ ነበር፤ ዛሬ ስለሞቱ ብቻ ሾርባቸው ጥሩ ነበር አይባልም።

ጣውንቶቹ ሁለት ሁለት ቀን እየተፈራረቁ ያበስሉ ነበር። ሐጂያ ጁማይ ተራቸው ባልሆነ ቀን ልጆቻቸውን አጥበው፣ አብልተው፣ በተማሪ ደብተር የፍቅር ታሪክ ይጽፉና ለራሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ። ፊደል ያልቆጠሩት ታላቱ ከግድግዳው ማዶ ሆነው ሲሰሙ ሰነበቱና አንድ ቀን በሩን ገፋ አድርገው «ከዚያስ ምን አለችው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ የጁማይን ተራ ግማሹን ታላቱ ያበስላሉ፤ ጁማይም ከሰዓት በኋላ የጻፉትን ያነቡላቸዋል። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር።

በእኛ ዘንድ እናት በኩሯን በስም አትጠራም። ሐጂያ ጁማይም የበኩር ልጃቸውን ሩቅያን «አንቺ ልጅ» እያሉ አሳደጉ። በ1991 ታትሞ በኩርሚ ገበያ በተሸጠው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ግን ለአፍቃሪዋ ልጅ ሩቅያ የሚል ስም አወጡላት። ስሕተታቸው ይኸው ነው።

በተከታዩ ዓመት ሩቅያ ታጨች፤ የሙሽራው ወገን ልብስ የሞላ ሻንጣ ላከ። ወዲያው የሙሽራው አክስቶች መጽሐፉን አገኙት። በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ ከአባቷ ተደብቃ ለወንድ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ አክስቶቹም የእውነቷ ሩቅያ ታሪክ መስሏቸው ጋብቻው ይቅር፣ ሻንጣችን ይመለስ አሉ። አልሐጂ ላዋን ከእንግዲህ በዚህ ቤት አንድ መስመር አይጻፍም ብለው ቆረጡ። ሐጂያ ጁማይ ደብተሮቻቸውን በገመድ አስረው ለታላቱ ሰጡ።

«ልጄ ከምትቀር ታሪኩ ይቅር፣ ያያ» አሉ፤ ታላቱን እንደ ታላቅ እህት «ያያ» ይሏቸው ነበር።

ታላቱ መጎናጸፊያቸውን ደርበው አክስቶቹ ቤት ሄዱ። ውሃ ቢቀርብላቸውም አልቀመሱም። «ይህች ሴት የልጇን ስም መጥራት እያማራት አሥራ ስድስት ዓመት አፏን ዘጋች። መጽሐፍ ላይ ጠራችው። ከመካከላችሁ በኩሯን በስሙ መጥራት ያላማራት ካለች፣ መጥታ ሻንጣውን ትውሰድ» አሏቸው። የመጣች የለችም። ሠርጉ በቀኑ ሆነ።

አልሐጂ ግን በቃላቸው ጸኑ። ታላቱም «እሷ ብዕሯን ካስቀመጠች እኔም ማማሰያዬን አስቀምጫለሁ፤ እንግዲህ ኮላዎን ይብሉ» አሏቸው። አልሐጂ አራት ቀን ከመንገድ እየገዙ በሉ። በአምስተኛው ቀን አንድ እሽግ ደብተር በገዛ እጃቸው ይዘው ገቡ፤ ስለ ነገሩም ዳግመኛ አላነሱም።

ሐጂያ ጁማይ ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት አሳተሙ፤ አምስት ልጆችም ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ለባለታሪኮቹ ስም የሚያወጡት ታላቱ ነበሩ። በሰፈሩ ማንም የሌለው ስም ማግኘት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም።

አልሐጂ በ2011 ካረፉ በኋላ ሐጂያ ጁማይን የስኳር በሽታ ያዛቸው፤ ዓይናቸውንም አደከመው። እሳቸው እየተናገሩ ሩቅያ ትጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2022 በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። አምስት ልጆች፣ አሥራ ሰባት የልጅ ልጆችና አንዲት ጣውንት ትተዋል።

የመጨረሻው መጽሐፍ ሳያልቅ ቀርቷል። ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ቆማለች፤ ልጁ ይመጣል አይመጣም፣ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ታላቱ ቢጠይቋቸው «ትንሽ ታገሺ» አሏቸው።

አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። ታላቱም ጊዜያቸው ሲደርስ ቀሪውን ይሰሙ ዘንድ አጠገባቸው ቦታ ይያዝላቸው። አሚን።

አስጻፊ፦ ሐጂያ ታላቱ